ሹፌሩ 16 ሜትር ኩብ ያለው የአሸዋ ክምር በልኬት ስንት ይወጣል?

የጠባሴዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስና አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እያሠራሁ ነው። ትናንት አንድ ገልባጭ አሸዋ መጣልኝ። የተስማማነው 16 ሜትር ኩብ ተብሎ ነው። ከሥራ ስመለስ አሸዋው በራችን ላይ ተገልብጧል፣ መኪናው ሄዷል። ሳየው አነሰብኝ፤ ግን በዓይን ከመፍረድ ብዬ በሜትር ለካሁት። ቀሪውን ክፍያ ለመቀበል ዛሬ ማታ ይመጣሉ።

ክምሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 6 ሜትር ይረዝማል። ወርዱ፣ ሰፊው ቦታ ላይ፣ 4 ሜትር ከ80 ነው። ከፍታው 1 ሜትር ከ60። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማምተናል። ያጨቃጨቀን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ግንበኛው «ርዝመቱን በወርዱ፣ በከፍታው አባዢና ለሁለት ክፈይው» አለኝ። እንደዚያ ሲሠራ 23 ሜትር ኩብ ይመጣል። ይሄማ ከተባለውም አለፈ፤ መኪናውም የሚችለው አይመስለኝም። ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው ወንድሜ ደግሞ «ኮን ነው» ብሎ በገመድ ዙሪያውን ለካ፤ 17 ሜትር ተኩል ሆነ። ከዙሪያው ሬዲየሱን አውጥቶ በኮን ቀመር ሲሠራው 13 ሜትር ኩብ አገኘ። ሹፌሩ 16፣ ግንበኛው 23፣ ወንድሜ 13። የትኛውን ይዤ ልከራከር? ክምሩ ደግሞ ድፍን ክብ አይደለም፣ ሞላላ ነው። አናቱም ሹል አይደለም፤ ከአንድ ሜትር ትንሽ በለጥ ለሚል ርዝመት እኩል ከፍታ ይዞ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ጉድጓዱ ነው። ክብ ነው፤ አፉ 2 ሜትር ከ40፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ሆኖ ተቆፍሯል። «ከ11 ሺህ ሊትር በላይ ይይዛል» ተብያለሁ። ዙሪያውን በድንጋይ ስናስገነባውም ያን ያህል ይይዛል ማለት ነው?

ሜትር በኪሴ፦

እህቴ፣ ማታ ሳይመጡብሽ ልድረስልሽ። ሥራዬ ሳይት ላይ የተሠራውን እየለኩ ለክፍያ ማዘጋጀት ነው፤ አሸዋና ጠጠርም ተረክቤአለሁ። ያንቺ ዓይነት ጥያቄ በየቤቱ አለ። አብዛኛው ሰው ግን «አንድ መኪና» የሚለውን ቃል አምኖ ይከፍላል። አንቺ መለካትሽ በጣም ደስ ብሎኛል።

የያዝሽው ልክ ትክክል ነው፣ የጎደለሽ ቅርጹን መለየት ብቻ ነው። ገልባጭ መኪና አሸዋውን ሲደፋ ቆሞ አይጨርስም፤ ካሶኒው፣ ማለትም የጭነት ሳጥኑ፣ ሲነሳ ሹፌሩ ቀስ እያለ ወደፊት ይሄዳል። ለዚህ ነው ክምሩ ሞላላ የሚሆነው። እንዲህ ያለውን ክምር በሐሳብሽ ለሦስት ቁረጪው። ሁለቱ ጫፎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ኮን ናቸው፤ ሲገጥሙ አንድ ሙሉ ኮን ይሆናሉ። መሐል ላይ የሚቀረው ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ወዲህና ወዲያ የሚያዘቀዝቅ ባለ ሦስት ማዕዘን ፕሪዝም ነው።

ኮኑን እንሥራ። የኮኑ ዲያሜትር የክምሩ ወርድ ነው፤ 4.8። ሬዲየሱ 2.4 ይሆናል። 3.14 × 2.4 × 2.4 × 1.6 ብለሽ ለ3 ስታካፍዪው 9.65 ሜትር ኩብ ነው።

ለመሐሉ፣ ከ6 ሜትሩ ርዝመት ላይ ሁለቱ ጫፎች የወሰዱትን 4.8 ቀንሺ። የሚቀረው 1.2 ሜትር ነው። «እኩል ከፍታ ይዞ ይሄዳል» ያልሽው አናቱ ማለት ይሄ ነው። የሦስት ማዕዘኑ ስፋት 4.8 × 1.6 ÷ 2 = 3.84 ካሬ ሜትር። በ1.2 ሲባዛ 4.6 ሜትር ኩብ።

ድምሩ 14.25። አስራ አራት ከሩብ ሜትር ኩብ ነው በርሽ ላይ ያለው።

ግንበኛው ያለው የሚሠራው ክምሩ ሁለቱም ጫፉ ላይ ግድግዳ ቢኖረውና አሸዋው ቀጥ ብሎ ቢቆም ነበር። ያንቺ ክምር በጫፎቹም በኩል ስለሚያዘቀዝቅ ብዙ አየር አብሮ ቆጥሯል። ወንድምሽ ደግሞ አናቱን አንድ ነጥብ አድርጎ ስለወሰደው የመሐሉን ሸንተረር አጣው። ገመዱን ግን በደንብ ነው የለካው፤ በርታ በይልኝ። አይተሽ እመኚ፦ የክቡ ዙሪያ 3.14 × 4.8 = 15.07 ነው፤ የመሐሉን ሁለት ጎን፣ 1.2 እና 1.2፣ ስትጨምሪበት 17.47 ይመጣል። እሱ 17 ተኩል አለ። እንግዲህ ርዝመቱም ወርዱም በትክክል ተለክቷል ማለት ነው።

ከፍታውንም የምናረጋግጥበት መንገድ አለ። የተደፋ ደረቅ አሸዋ ራሱን ለቆ ሲቀመጥ ተዳፋቱ 34 ዲግሪ ግድም ነው። ይህ ማለት ከፍታው የሬዲየሱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ያንቺ 1.6 ለ2.4 ልክ ሁለት ሦስተኛ ነው። ግን እንዴት እንደለካችሁት ንገሪኝ። ሜትሩን በተዳፋቱ ላይ ዘርግቶ መለካት ከፍታ አይደለም። ከክምሩ ጠርዝ ውጭ አንድ አጣና ቀጥ አድርገሽ አቁሚ፤ ከአናቱ እስከ አጣናው ሲባጎ ወጥሪ፤ በውሃ ልክ አስተካክዪው፤ ከዚያ ከመሬት እስከ ሲባጎው ለኪ። 10 ሳንቲም ብትስቺ ወደ 0.9 ሜትር ኩብ ይዛባብሻል። መሬቱ ጎርበጥበጥ ካለም እንዲሁ። ስለዚህ ከክምር ልኬት ላይ በግማሽ ሜትር ኩብ ልዩነት ከሰው ጋር አትጣዪ። ያንቺ ልዩነት ግን ወደ ሁለት ሜትር ኩብ የሚጠጋ ነው፤ እሱን መጠየቅ መብትሽ ነው።

ማታ ሲመጡ መኪናውን ይዘው ከሆነ ካሶኒውን ከውስጥ ለኪ። ከውጭ አይደለም፤ ከውስጥ። ርዝመት፣ ወርድ፣ ከወለሉ እስከ ስፖንዳው (የሳጥኑ ጎን) አፍ ድረስ ቁመት። ሳጥን ስለሆነ ሦስቱን ማባዛት ብቻ ነው፤ ማንም የሚከራከርበት ቀመር የለውም።

ወደ ጉድጓዱ ልምጣ። 11 ሺህ ሊትር ያሉሽ የቁፋሮውን ነው። 3.14 × 1.2 × 1.2 × 2.5 = 11.3 ሜትር ኩብ፤ አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነውና 11,300 ሊትር። ይህ ለቆፋሪው የምትከፍዪበት ልክ ነው። ውሃው የሚገባው ግን ከግንቡ ውስጥ ነው። የድንጋይ ግንቡ ውፍረት 20 ሳንቲም ቢሆን በሁለቱም በኩል ስለሚገባ ዲያሜትሩ 2 ሜትር ላይ ይወርዳል፤ ሬዲየሱ 1። 3.14 × 1 × 1 × 2.5 = 7.85። ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሊትር። ግንቡ ብቻውን ወደ ሦስት ሜትር ኩብ ተኩል በላው! ሬዲየሱ በራሱ ስለሚባዛ ነው እንዲህ የሚሆነው። የወለሉ አርማታ 15 ሳንቲም ከወሰደ ደግሞ ጥልቀቱ 2.35 ሆኖ 7,380 ሊትር ገደማ ይቀራል። 11 ሺህ ሊትሩን አስበሽ ከነበረ ግንቡ ሳይጀመር አሁኑኑ አስሰፊው። ውስጡን 2 ሜትር ከ40 ለማድረግ ቁፋሮው 2 ሜትር ከ80 መሆን አለበት።

የወጣውን አፈር የምታስጭኚው ከሆነም 11 ሜትር ኩብ ብለሽ መኪና አትጥሪ። አፈር ሲቆፈር ይነፋል፤ እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ወደ 14 ሜትር ኩብ አስቢ።

ባለ ብሎኬት፦

ሜትር በኪሴ ያለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ብሎኬት አመርታለሁ፣ አሸዋ ሁሌ እገዛለሁ።

አሸዋው እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ርጥበት ያለው አሸዋ ይነፋል። ቅንጣቶቹን የያዘው ስስ ውሃ ያራርቃቸዋል፣ አየር ይገባባቸዋል። በክብደቱ 5 በመቶ አካባቢ ውሃ ሲይዝ ነው ዋናው መነፋት፤ ደቃቅ ከሆነ ይዘቱ 20፣ 30 በመቶ ድረስ ይጨምራል። የሚገርመው፣ ጭራሽ በውሃ ሲጠግብ ተመልሶ ይወርድና የደረቁን ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሜትር ኩብ ስትገዙ በትንሹ የረጠበው ነው የሚጎዳችሁ። ጭቃ መስሎ የሚንጠባጠበው አይደለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ውሰጂ፤ ትልቁ የዱቄት ወተት ጣሳ ይሆናል። አሸዋውን ሳትጠቀጥቂ ጨምሪና ከፍታውን በማስመሪያ ለኪ። 20 ሳንቲም ሆነ እንበል። አውጪው፣ ጣሳው ውስጥ እስከ ግማሹ ውሃ አድርጊ፣ አሸዋውን መልሰሽ እያማሰልሽ ጨምሪ። ሲረጋ ከፍታውን ደግመሽ ለኪ። 16 ተኩል ላይ ከወረደ፣ 20 ለ16.5 ሲካፈል 1.21 ነው፤ አሸዋሽ 21 በመቶ ተነፍቶ ነበር ማለት ነው። ያንን 14.25 ለ1.21 ብታካፍዪው 11.8 ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው ያለሽ።

ይሄ ለክርክር ብቻ አይደለም። አርማታ ስታስቦኩ በሳጥን የምትሰፍሩት አሸዋ እርጥብ ከሆነ በየሳጥኑ ያንሳል፤ ድብልቁ ከታሰበው ይለያል።

ጠመኔ፦

የሒሳብ መምህር ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ወንድምሽ ገመድ ይዞ መውጣቱ ልቤን ነክቶታል። ለእሱ ልጻፍ።

ወንድሜ፣ የኮንን ቀመር አውቀኸዋል፤ «ለሦስት ማካፈሉ ከየት መጣ?» ብለህ ጠይቀህ ታውቃለህ? አንድ ድንች በቢላዋ ወደ ኩብ ቅረጽ። አንዱን ማዕዘን ምረጥ። ያንን ማዕዘን የማይነኩ ሦስት ገጾች አሉ። ከመረጥከው ማዕዘን ተነስተህ እያንዳንዱን ገጽ መሠረት የሚያደርግ ፒራሚድ ቁረጥ። ሦስት ፒራሚዶች ይወጣሉ፤ ሦስቱም እኩል ናቸው፤ ድንቹም ምንም ሳይተርፈው ያልቃል። እያንዳንዱ የኩቡ ሲሶ ነው። ከፒራሚድ ወደ ኮን ለመሻገር ደግሞ ሁለቱን በአግድም በስስ በስሱ ከትፋቸው። መሠረታቸው እኩል ስፋት፣ ቁመታቸውም እኩል ከሆነ በየከፍታው የሚወጡት ቁራጮች እኩል ስፋት አላቸው። ስለዚህ ይዘታቸውም እኩል ነው።

አሁን ሳይት ላይ ስለሚሠራበት አንድ አቋራጭ ልንገርህ። ባልዲ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ ነው። አፉ 30 ሳንቲም፣ ቂጡ 22፣ ጥልቀቱ 28 የሆነ ባልዲ እንውሰድ። ብዙ ሰው የሁለቱን ዲያሜትር አማካይ፣ 26ን፣ ወስዶ እንደ ሲሊንደር ያሰላዋል፤ 14.87 ሊትር ያገኛል። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱን ሬዲየሶች 15 እና 11 ይዞ፣ 15 × 15፣ 15 × 11፣ 11 × 11ን መደመር ነው፤ 511። በ3.14 እና በ28 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 14.98 ሊትር። ልዩነቱ ለባልዲ እዚህ ግባ አይባልም። ግን ያንኑ አቋራጭ ለአሸዋ ክምር ብትጠቀምበት፣ አናቱ ላይ ዲያሜትሩ ዜሮ ስለሆነ፣ ለሦስት ማካፈሉ ለአራት ማካፈል ይሆንብሃል፤ ሩቡን ይዘት ታጣለህ። አቋራጩ የሚያገለግለው ላይና ታቹ ሲቀራረቡ ብቻ ነው።

ይህን የተቆረጠ ቅርጽ የማስላት ዘዴ በጣም ጥንታዊ ነው። ሞስኮ ውስጥ የሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1850 ግድም የተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ አለ። አስራ አራተኛው ጥያቄ አናቱ ስለተቆረጠ ፒራሚድ ነው፤ ከታች 4፣ ከላይ 2፣ ቁመቱ 6። ጸሐፊው 16፣ 8 እና 4ን ደምሮ 28 ያገኛል፤ የ6ን ሲሶ፣ 2ን፣ ያባዛበትና 56 ይላል። ልክ ነው። ከባልዲው ጋር አስተያየው፤ አሠራሩ አንድ ነው።

የጠባሴዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከፍታውን ሜትር በኪሴ እንዳሉት በአጣናና በሲባጎ ደግመን ለካነው፤ 1 ሜትር ከ60 ነው፣ አልተለወጠም። በጣሳውም ሞክረነዋል፤ ከፍታው እምብዛም አልወረደም፣ አሸዋው ደረቅ ነው ማለት ነው።

ማታ መኪናውን ይዘው መጡ። ካሶኒው ከውስጥ 5 ሜትር ከ40 በ2 ሜትር ከ30፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20። ሲባዛ 14.9። ሹፌሩ አላስተባበለም፤ ነገር ግን «ሲጫን ከስፖንዳው በላይ ቁልል ነበረው፤ መሐሉ ላይ 30 ሳንቲም ይሆናል፣ 16ቱ በዚያ ነው የሚሞላው» አለ። ረዳቱም ይህንኑ አለ። በ15 ሒሳብ ተስማምተን ከፈልኩ። ቁልሉ ያለው እውነት ግን ያን ያህል ይጨምራል? ሌላ መኪና ጠጠር ሊመጣልኝ ስለሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቆፋሪውንም ጉድጓዱን እንዲያሰፋው ነግሬዋለሁ፤ ነገ ይጀምራል።

ሜትር በኪሴ፦

በ15 መጨረስሽ ጥሩ ነው። ሹፌሩ ያለው ሒሳብ ሲጫን ልክ ነው። የካሶኒው ወለል 5.4 × 2.3 = 12.42 ካሬ ሜትር። ቁልሉ አራቱንም ስፖንዳ ነክቶ መሐሉ ላይ 30 ሳንቲም ከፍ ካለ ፒራሚድ ስለሆነ ለሦስት ይካፈላል፤ 12.42 × 0.3 ÷ 3 = 1.24። 14.9 ሲደመርበት 16.1 ነው። ግን አስተውዪ፣ 30 ሳንቲም ቁልል ማለት ተስተካክሎ ሲደለደል 10 ሳንቲም ብቻ ነው። በዓይን ሲታይ ትልቅ ይመስላል። በተቃራኒው አሸዋው ከስፖንዳው 10 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ቢመጣ ማንም ልብ አይለውም፤ እሱም ያው 1.24 ሜትር ኩብ ነው።

ደግሞም ቁልሉ አሸዋው ሲጫን ወንዙ ዳር ላይ የነበረው ነው። መንገድ ላይ ከላይ ያለው ይረግፋል፤ ከሥር ያለው መኪናው ሲንገጫገጭ ይጠቀጠቃል። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ቁልሉ የለም። ውላችሁ ላይ ከመጫኑ በፊት ይቆረጥ፦ የሚለካው እዚህ በርሽ ላይ፣ ሳይገለበጥ ነው። ጠጠሩ ሲመጣ ረዳቱ በአካፋ ላዩን ይደልድለው፤ ከስፖንዳው አፍ እስከ ጠጠሩ ድረስ ያለውን ጎዶሎ አራቱም ማዕዘን ላይና መሐሉ ላይ ለኪ፣ አማካዩን ከ1.2 ቀንሺ፣ የቀረውን በ12.42 አባዢ።

ከሪያድ፦

ይቅርታ፣ መሐል ገባሁ። እኔ እዚህ ሆኜ ደሴ ቤት እያሠራሁ ነው። ገንዘብ የምልከው በመጣው መኪና ብዛት ነው፤ አሸዋ የሚረከበው አባቴ ነው፣ ዕድሜው ገፍቷል፣ ካሶኒ ላይ ሊወጣ አይችልም። ምን ላድርግ?

ሜትር በኪሴ፦

ወንድሜ፣ አባትህ መውጣት የለባቸውም። አስፈላጊው የካሶኒው ልክ ነው፤ እሱ በየጊዜው አይለዋወጥም። አንድ መኪና ባዶውን ቆሞ ሳለ የሰፈር ልጅ ገብቶ ሦስቱንም ልክ ይያዝልህ፤ ሜትሩ ተዘርግቶ ቁጥሩ እየታየ ፎቶ ያንሳ፣ ታርጋውንም አብሮ። ከዚያ በኋላ ያ መኪና በመጣ ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ሳይገለበጥ፣ ላዩ ተደልድሎ፣ ከስፖንዳው ስንት ዝቅ እንዳለ ሜትሩ ውስጥ ገብቶ የሚያሳይ። ስፖንዳ ተቀጥሎበት ወይም ሌላ መኪና ተልኮ ከሆነ ከታርጋውና ከፎቶው ይታወቃል። ቀሪ ሒሳብ ፎቶው ሲደርስህ ላክ።